አይቶ መመለስና ቀድቶ ማስቀረት፦ የአንድ ናይት ክለብ በር ጉዳይ

ነገሩ የሆነው ካናዳ ውስጥ፣ በአልበርታ ግዛት፣ ካልጋሪ ከተማ ነው። አንድ ደንበኛ ሊዝናና ታንትራ ወደሚባል ናይት ክለብ ይሄዳል። በር ላይ መንጃ ፈቃዱን ይጠየቃል። አውጥቶ ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም፤ በዓለም ላይ ስንት በር ላይ በየምሽቱ የሚሆን ነው። ካርዱ ግን ታይቶ ብቻ አልተመለሰም። ማሽን ገባ፣ ስካን ተደረገ። ካርዱ ወደ ኪስ ተመለሰ። ካርዱ ላይ የነበረው መረጃ ክለቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ቀረ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ምን አገባኝ» ብሎ ያልፋል። ሙዚቃው ተጀምሯል፣ ጓደኞቹ ገብተዋል፣ ማን በዚህ ሰዓት ከጋርድ ጋር ይነታረካል? ይህ ደንበኛ ግን አላለፈውም። ለአልበርታ የመረጃና የግል ምስጢር ኮሚሽነር ቢሮ አቤት አለ። ከዚያ የሆነው ነገር ከአንድ ክለብ በር አልፎ የግዛቱን ሕግ እስከማስቀየር የደረሰው ታሪክ አንዱ ክፍል ሆነ። ውሳኔው ፒ2006-011 የሚል ቁጥር አለው፤ የተሰጠው በየካቲት 2008 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የወደድኩት አንድ ተራ የሚመስል ልዩነት ጎልቶ ስለሚታይበት ነው። መታወቂያ ማየት አንድ ሥራ ነው። መታወቂያ መቅዳት ሌላ ሥራ ነው። በር ላይ ሲሆኑ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። እጅ ይዘረጋል፣ ካርድ ይሰጣል፣ ካርድ ይመለሳል። ልዩነቱ የሚታየው ከካርዱ መመለስ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ማየቱን እንመልከት። አልበርታ ውስጥ አልኮል ለመጠጣት የሚፈቀደው ዕድሜ 18 ነው። ድንበሩን ተሻግረህ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ስትገባ 19 ይሆናል። የአልበርታ የመጠጥና የቁማር ተቆጣጣሪ ለመጠጥ ቤቶች የሚሰጠው መመሪያ ደግሞ ከ25 ዓመት በታች የሚመስልን ሰው ሁሉ መታወቂያ ጠይቁ ይላል። ለምን 25? ዓይን ስለሚሳሳት ነው። ጢም ያለው የ17 ዓመት ልጅ አለ፤ ፊቱ ሕፃን የሚመስል የ24 ዓመት ሰውም አለ። በመሃል የተተወው ሰባት ዓመት የጋርዱ የስህተት መጠባበቂያ ነው።

ጥሩ ጋርድ ካርዱን ከዋሌት ውስጥ እንዳለ አያይም። «አውጣው» ይላል። ፕላስቲክ ከለላ ስር የተቀመጠ ካርድ ብዙ ነገር ይደብቃል። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ይዳስሳል፤ ተላጦ እንደገና የተለጠፈ ካርድ ጠርዙ ላይ ይታወቃል። ወደ መብራት ያዘነብለዋል፤ የሚያብለጨልጨው ምልክት ከአቅጣጫው ጋር መቀያየር አለበት። ፎቶውን ሲያይ ፀጉርና ጢም ላይ አያተኩርም፤ እነሱ በአንድ ሳምንት ይለወጣሉ። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አገጭ፣ የዓይኖቹ ርቀት አይለወጡም።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። «ልደትህ መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጋርድ ገና ጀማሪ ነው። እሱንማ ሰልፍ ላይ ሆኖ ሁሉም ሸምድዶታል። የለመደው ጋርድ ፖስታ ኮድ ይጠይቃል፤ ወይም የትውልድ ኮከቡን። የራሱን ካርድ የያዘ ሰው ሳያስብ ይመልሳል። የወንድሙን ካርድ የያዘ ሰው ግን አንድ ጊዜ ጣሪያ ያያል። በር ላይ የቆመ ሰው የሚጠብቃት ያችን ቅጽበት ነው። ፎርጅድ ካርድ ለመሥራት ገንዘብና ሙያ ይጠይቃል። ከሚመስልህ ታላቅ ወንድም እውነተኛ ካርድ መዋስ ግን በነፃ ነው።

ይህ ሁሉ ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሲያልቅ በሩ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ጋርዱ የሰውየውን አድራሻ በሚቀጥለው ደቂቃ ረስቶታል።

አሁን ወደ ማሽኑ። የሰሜን አሜሪካ መንጃ ፈቃዶች ጀርባቸው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ባርኮድ አላቸው፤ ፒዲኤፍ 417 ይባላል። ፊት ለፊት በፊደል የተጻፈው አብዛኛው ነገር እዚያ ውስጥ ለማሽን በሚመች መልኩ ተጽፏል። ስካነሩ ያነበዋል፣ የልደት ቀኑን ከዛሬ ቀን ይቀንሳል፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያበራል። በእውነቱ ጠቃሚ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ብርድ ላይ ቆሞ፣ ጆሮው በሙዚቃ የደነቆረ ሰው መቀነስ ሊሳሳት ይችላል። ማሽን አይደክመውም።

ግን ማሽኑ የሚያነበው የተጻፈለትን ነው። ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ባርኮዱንም አብሮ ይሠራል፤ ባርኮዱን ብቻ የሚያነብ ስካነር ደግሞ ስለ ካርዱ እውነተኛነት ብዙም የሚለው የለም። የተዋሱት እውነተኛ ካርድ ሲሆንማ ጭራሽ አይነቃም። ካርዱ እውነተኛ ነው፤ ባለቤቱ ነው ሌላው። አረንጓዴ ያበራል። ስለዚህ ዕድሜን በተመለከተ ማሽኑ ለስሌት ይረዳል፣ የጋርዱን ዓይን ግን አይተካም። ለስሌቱም ቢሆን መረጃውን ማስቀመጥ አያስፈልግም። ቀንሶ፣ አብርቶ፣ መርሳት ይችላል።

ታዲያ ለምን አስቀመጠው? ክለቡ ያነሳው ዋና ምክንያት ደህንነት ነበር። ሰዎች ስማቸው እንደተመዘገበ ካወቁ ጠብ ከማንሳታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያስባሉ የሚል ነው።

ይህን ክርክር አቅልዬ አላየውም። ናይት ክለብ በር ላይ መቆም ቀላል ሥራ አይደለም። የሰከረ ሰው ይሳደባል፣ ይተፋል፣ ጠርሙስ ያነሳል። አንድ ጊዜ የተባረረ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል፤ ጋርዱም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከጠቡ በኋላ ፖሊስ መጥቶ «ማን ነበር?» ሲል «አንድ ረጅም ልጅ» ማለት መልስ አይሆንም። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ይደፍራል፤ ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። የክለቡ ሐሳብ ስሜት ይሰጣል። ችግሩ ስሜት መስጠቱ ብቻውን አለመብቃቱ ነው።

የአልበርታ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2004 ነው። የግል ድርጅቶችን ይመለከታል። ለዚህ ጉዳይ ሁለት አንቀጾቹ ወሳኝ ናቸው። አንቀጽ 11 ድርጅት የግል መረጃ የሚሰበስበው ለምክንያታዊ ዓላማ፣ ያውም ለዓላማው በሚበቃ ምክንያታዊ መጠን ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 7 ንዑስ 2 ደግሞ የበለጠ ቆንጠጥ ያደርጋል። አገልግሎቱን ለመስጠት ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ ካልሰጠኸኝ አላስተናግድህም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛውን ወደ በሩ አምጣው። ቢራ ለመቅዳት ዕድሜህን ማወቅ አለብኝ። እሺ። የቤት ቁጥርህንስ? የመንጃ ፈቃድ ቁጥርህንስ? ያለ እነሱ ቢራው አይቀዳም?

«ደንበኛው ካርዱን በፈቃዱ ሰጥቷል» የሚል መከራከሪያ ሁልጊዜ ይመጣል። ፈቃድ የሚባለው ነገር ግን እምቢ ማለት ሲቻል ነው። የካልጋሪ ክረምት ከዜሮ በታች ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ስስ ልብስ ለብሰህ ተሰልፈሃል፣ ከኋላህ ሃያ ሰው ይገፋሃል፣ ጓደኞችህ ውስጥ ናቸው። ጋርዱ እጁን ይዘረጋል። ካርዱ እንደሚታይ እንጂ እንደሚቀዳ አላሰብክም። ቢገባህም ምርጫህ ወይ መስጠት ወይ ወደ ቤት መሄድ ነው። ሕጉ በአንቀጽ 7 ንዑስ 2 ያሰበው እንዲህ ያለውን ሁኔታ ይመስለኛል።

የኮሚሽነሩ ቢሮ ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር። መንጃ ፈቃድ መቅዳት ጠብን ይቀንሳል ብላችኋል፤ ማስረጃችሁ የታል? ክለቡ የሚያጠግብ ነገር አላቀረበም። ሊያስፈራ ይችላል የሚል ግምት ብቻውን በመቅዳቱና በደህንነቱ መካከል ምክንያታዊ ግንኙነት መኖሩን አያሳይም ተባለ። ክለቡም የደንበኞቹን መንጃ ፈቃድ ስካን ማድረግ እንዲያቆም ታዘዘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው። ውሳኔው «ደህንነት ምክንያት አይሆንም» አላለም። «አሳዩኝ» ነው ያለው። ይህ ለክለብ ባለቤት የማይቻል ጥያቄ አይደለም። አብዛኛው መጠጥ ቤት የጠብ መዝገብ አለው፤ ቢያንስ ሊኖረው ይገባል። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ስንት ጠብ ነበር? ከገባ በኋላስ? ፖሊስ መረጃውን ስንት ጊዜ ጠየቀ? በመረጃው ስንት ሰው ተያዘ? የተባረረ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ስንት ጊዜ ያዘው? አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ የሚበቃው ሥራ ነው። ቁጥሮቹ ቢኖሩ ክለቡ ይረታ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አድራሻና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ለምን እንዳስፈለገ ያኔም ማስረዳት ነበረበት። ክርክሩ ግን ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ሌላም የሚረሳ ወገን አለ። የተቀመጠው መረጃ ራሱ አደጋ ነው። ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና ፎቶ አንድ ላይ ሲሆኑ በሰው ስም ብድር መውሰድ ለሚፈልግ ሌባ የተሟላ ስንቅ ናቸው። ሌባው ከውጭ መምጣትም የለበትም። አንዲት ሴት ቅዳሜ ማታ ገባች እንበል። እዚያ የሚሠራ አንድ ሰው ዓይኑን ጣለባት። ስሟንና ቤቷን ለማወቅ የሚያስፈልገው ባንኮኒው ጀርባ ያለውን ኮምፒዩተር መክፈት ብቻ ነው። ይህ በታንትራ ሆነ አላልኩም። እንዳይሆን የሚያደርገው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ግን መታወቂያ የሚቀዳ ሁሉ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ለደህንነት ተብሎ የተሰበሰበ ነገር የደንበኛውን ደህንነት ሲነካ በሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2008፣ የፌዴራሉ፣ የአልበርታና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የግል ምስጢር ኮሚሽነሮች የመንጃ ፈቃድ ቁጥር መሰብሰብን የሚመለከት መመሪያ ለቸርቻሪዎች አወጡ። ማየት፣ መመዝገብና ኮፒ ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ለያይቶ ያስረዳል። ሰውየው ራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ማየት ይበቃል ነው ሐሳቡ። ክለብ በር ላይ የተነሳው ጥያቄ፣ ሱቅ ውስጥ የተገዛ ልብስ በሚመለስበት ባንኮኒ ላይም ያው ነው።

ቀጥሎ ቫንኩቨር። እዚያም ዋይልድ ካዮቲ የሚባል ክለብ ደንበኞቹን ስካን ያደርግ ነበር፣ እዚያም አቤቱታ ቀረበ። በሐምሌ 2009 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ኮሚሽነር የነበሩት ዴቪድ ሉኪደሊስ ወሰኑ። ለሚገባው ሰው ሁሉ ያን ያህል መረጃ መስጠትን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አስፈላጊ አይደለም፣ ሕጉንም ይጥሳል አሉ። ሁለት ግዛት፣ ሁለት ክለብ፣ ተመሳሳይ መልስ። ማሽኑ ግን ከቫንኩቨር በሮች አልጠፋም። ተስተካክሎ ተመለሰ። የሚይዘው መረጃ አነሰ፣ ችግር ያልፈጠረ ሰው መረጃም ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ተደረገ። እኔ ይህን መፍትሔ እወደዋለሁ። ጠብ ከተነሳ በማግስቱ ይታወቃል። ካልተነሳ የትናንቱን ሰው ስም ይዞ መቆየት ለምን?

ካልጋሪ ግን ሌላ መንገድ ሄደች። ጊዜው ከባድ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ሁለት የወንበዴ ቡድኖች ለዓመታት ሲገዳደሉ ቆይተዋል። ጥር 1 ቀን 2009፣ በአዲስ ዓመት ቀን፣ ቦልሳ በሚባል ሬስቶራንት ውስጥ በተከፈተ ተኩስ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ ጨርሶ የማይመለከተው ሰው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ መንጃ ፈቃድ ቁጥር መከራከር የቅንጦት ሊመስል ይችላል።

በዚያው ዓመት የአልበርታ ምክር ቤት የቁማርና የመጠጥ ሕጉን አሻሻለ። ፖሊስ ከወንበዴ ቡድን ጋር ግንኙነት አለው ብሎ ያመነውን ሰው ከመጠጥ ቤት እንዲያስወጣ ሥልጣን ተሰጠው። ቀጥሎ የመጣው አንቀጽ 69.2 በቀጥታ ስለ በሩ ነው። ፈቃድ ያለው መጠጥ ቤት ሰው ከማስገባቱ በፊት ስሙን፣ ዕድሜውንና ፎቶውን መሰብሰብ ይችላል ይላል። ኮሚሽነሩ የዘጋውን በር ምክር ቤቱ ከፈተው ማለት ነው።

ሙሉ በሙሉ ግን አልከፈተውም። ዝርዝሩን ልብ ብለህ አንብበው። ስም፣ ዕድሜ፣ ፎቶ። የመንጃ ፈቃድ ቁጥር የለም። አድራሻ የለም። እንዲያውም «ዕድሜ» ነው የሚለው፣ የልደት ቀን አይልም። አቤት ያለው ደንበኛ ተሸነፈ የሚሉ አሉ። እኔ ግማሽ መንገድ ነው የምለው። ከእሱ አቤቱታ በፊት ገደቡ ማሽኑ የሚያነበው ሁሉ ነበር፤ አሁን ሦስት ነገር ሆነ። ሕግ አውጪው ቁጭ ብሎ «የትኛው ነው የሚያስፈልገው?» ብሎ ለመጠየቅ የተገደደው አንድ ሰው በር ላይ የሆነበትን ስላላለፈው ይመስለኛል።

ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ሌላ ፍርድም አለ፤ ከበር ርቆ፣ ከዕቃ መጋዘን የመጣ። አንድ የቤት ዕቃ መደብር ዕቃ ሊረከቡ የሚመጡ ደንበኞችን የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና የመኪና ታርጋ ይመዘግብ ነበር። የኮሚሽነሩ ቢሮ አቁሙ አለ። የአልበርታ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2011 ለመደብሩ ፈረደ። ሕጉ የሚጠይቀው ምክንያታዊ መሆንን ነው፤ ከሁሉም አማራጭ ትንሹን መምረጥ ግዴታ አይደለም አለ። መደብሩ ያልከፈለ ሰው ዕቃ ወስዶ እንዳይጠፋ ነበር የፈራው፣ ይህም ቁጥሩን ከመመዝገብ ጋር በግልጽ ይገናኛል። የታንትራ ጉዳይ ከዚህ ፍርድ በኋላ ቢመጣ ኖሮ የክለቡ ክርክር ጠንከር ይል ነበር። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ዕቃ ተረካቢ አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፣ የወሰደው ነገርም ይታወቃል። ክለብ በር ላይ የሚሰለፈው መቶ ሰው ግን ዘጠና ምናምኑ ምንም ሳያደርግ ጨፍሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ነው።

በር ላይ የምትሠራ ከሆነ፣ ወይም በር ያለው ቤት ካለህ፣ ከዚህ ጉዳይ የምወስደው አንድ ልማድ ነው። ካርዱን ከመቀበልህ በፊት የምትፈልገው መልስ ምን እንደሆነ እወቅ። ዕድሜ ከሆነ ዓይንህና ጥያቄህ ይበቃሉ፤ ማሽን ካለህም ቀንሶ ይርሳ። የተከለከሉ ሰዎችን መያዝ ከሆነ የእነሱን ዝርዝር ያዝ፣ የሁሉንም አትያዝ። ከጠብ በኋላ ማንነት ማወቅ ከሆነ ለምን ያህል ሰዓት እንደምትይዝ ወስን፣ ይህን የሚገልጽ ጽሑፍም ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ሰው ካርዱን ሳያወጣ በሚያነብበት ቦታ ለጥፍ። ደንበኛው «ለምንድነው የምትቀዳው?» ሲል «የቤቱ ሕግ ነው» የሚል መልስ የሚሰጥ ጋርድ ጥፋተኛ አይደለም። ምክንያቱን ያልነገረው አለቃው ነው።

የአልበርታው አንቀጽ 69.2 በስም፣ በዕድሜና በፎቶ አያበቃም። አንድ ሰው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ችግር ፈጥሯል ብሎ በምክንያት ያመነ መጠጥ ቤት በቅን ልቦና የሰውየውን ስም፣ ዕድሜና ፎቶ ለሌሎች መጠጥ ቤቶች ማስተላለፍ ይችላል። በአንድ በር የተባረረ ሰው ሌላኛው በር ላይ ሲደርስ ስሙ ቀድሞት ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በታች ደግሞ አንድ አጭር ንዑስ አንቀጽ አለች። ፖሊስ ከጠየቀ መጠጥ ቤቱ የሰበሰበውን በተቻለ ፍጥነት መስጠት አለበት። ደንበኛው ሲጀምር የጠየቀው ክለቡ መረጃውን ለምን እንደያዘ ነበር። አሁን ክለቡ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል፤ ከያዘ ደግሞ ለፖሊስ እምቢ ማለት አይችልም።